ሙዝ የበቀለበት መቃብር

«ውሃ ብቻ አላልኩም፤ እሳትም ብያለሁ። እሳት አይስጧት፣ ውሃ አያስቀዷት፣ ስትሞትም አይቅበሯት። የቅሬው ሕግ ይኸው አይደል እንዴ? እኔ ፈጠርኩት?»

«ሕጉስ አለ፣ ጌታቸው። ግን ለነፍሰ ገዳይ ነው።»

«ታዲያ ወንድሜን ያስበላች ምንድን ናት?»

«ስታስበላው አይተሃል?»

«ኬላው ላይ ቆማ በቋንቋቸው ስታወራ ያላየ ማን አለ? አንቱስ አላዩም፣ አቶ ደምሴ? ወፍጮ ቤትዎ እኮ ፊት ለፊት ነው።»

 የአቶ ደምሴ ወፍጮ ቤት በእርግጥም ፊት ለፊት ነው።

ይህ የሆነው መርሳ ውስጥ፣ በቅሬያችን ቤት ነው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ በእኛ ዘንድ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው አንድ ቅሬ ነው፤ ጎረቤት ሲጣላም የሚዳኘው እሱ ነው። አቶ ደምሴ የቅሬው ዳኛ ናቸው። ጌታቸው ከሳሽ ነው፤ የትግራይ ተዋጊዎች ከተማዋን በያዙበት ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ፈቃዱ ተወስዶ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም። የተከሰሱት እትዬ ለተ ናቸው፤ በርበሬ ይሸጣሉ፣ የትውልድ አገራቸው ትግራይ ነው፣ የመርሳ ሹፌር አግብተው መጡ፣ ባላቸው ሞቶ እዚሁ ቀሩ። ስብሰባው ላይ አልተገኙም። «ቅሬው ያለው ይሁን» ብለው ልከዋል።

እኔ በሩ አጠገብ ጡሩምባውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። የቅሬ ጠሪ ነበርኩ። ቅሬው ሰው ሲያገል ውሳኔው እንደ ሞት በጡሩምባ ካልተነገረ ማንንም አያስርም፤ ስለዚህ ተከራካሪው ሁሉ ንግግሩን ሲጨርስ የሚያየው ወደ እኔ ነበር። ከጎኔ ሥራውን ያስተማሩኝ አያ ሙሄ ነበሩ። አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አሳርፈዋል። በጆንያ የተጠቀለለ አንድ ረጅም ነገር ይዘው መጥተው ከኋላቸው ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። ምን እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ዛሬ ወልድያ፣ ባነርና ማኅተም በሚሠራ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የሠርግና የምርቃት ግጥም የሚያሠራ ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ይመሩታል። «ከዚህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?» ሲሉኝ «የሞተ ሰው እናገር ነበር» እላለሁ። የሚስቅ አለ፤ ወንበሩን ትንሽ የሚያርቅም አለ።

የጠሪነቱን ሥራ ያገኘሁት በብርቱካን ነው። ትምህርቴን ካቋረጥኩ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም። ባጃጅ ነዳሁ፤ ሲሪንቃ የምርምር ጣቢያው አጥር ስር ማሽላ ጠበስኩ፤ ግጥም እየጻፍኩ በሠርግ ቤት አነበብኩ፤ በመጨረሻ መርሳ ላይ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ብርቱካንና ፓፓያ መሸጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን አያ ሙሄ መንገድ ዳር ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና ጠሩኝ።

«አንተ፣ ሌሎቹ ይጮኻሉ። አንተ ሳትጮህ ድምፅህ ይሰማል። ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔ ላስተምርህ። ሆዴን ቁስለት ይዞኛል፤ ትንፋሼ አጥሯል።»

ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ከወር መዋጮ ነጻ መሆን ተጨምሮበትም ትንሽ ነበር። ግን ሥራው የማላውቀውን ነገር በየቀኑ ያሳየኝ ጀመር፤ እኔን የሚይዘኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ጡሩምባ በጉንጭ የሚነፋ ይመስለኝ ነበር። በከንፈር ነው። ከንፈርን አጥብቆ ገጥሞ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ፈረስ ማርገብገብ ነው፤ ቆርቆሮው የሚያደርገው ያንን ማጉላት ብቻ ነው። ለሳምንታት የወጣልኝ ድምፅ የታመመ ጥጃ ድምፅ ነበር። ሰፈሩ «የማን ከብት ነው?» እያለ ሳቀብኝ። አያ ሙሄ ግን አልሳቁም። «ቆሎ በልተህ አትንፋ፤ ከንፈር ይደርቃል። ለብ ያለ ውሃ ጠጣ» አሉኝ።

ቀጥሎ ነፋስ ተማርኩ። አያ ሙሄ ከመንፋታቸው በፊት ከኪሳቸው የጤፍ እብቅ በቁንጥር አውጥተው ይበትናሉ፤ የት እንደሚሄድ አይተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነፋሱን በጉንጫቸው ያዳምጡታል። ለገበያው ሰፈር ከመስጊዱ ኋላ ካለው ከፍታ፣ ለታችኛው ሰፈር ከድልድዩ አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ስር ይነፋል። የትምህርት ቤቱ ግንብ ድምፅ ይመልሳል፤ ወደ እሱ ዞሮ የተናገረ ሰው፣ አንድ ሰው ሁለቴ የሞተ ያስመስላል። ነፋስን ከጀርባ አድርጎ የሚነፋ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። በነፋስ ላይ የሚነፋ የሚሰማው ሰፈሩ ብቻ ነው። ይህ ኋላ ያስፈልገናል ብዬ አላሰብኩም።

አያ ሙሄ የሚሞቱትንም በቁማቸው ሄደው ይጠይቁ ነበር። ሰው ሲታመም ሄደው ይቀመጡና «እንዴት ብዬ ልጥራህ?» ይላሉ። ይህን መስማት በጣም ደስ ይለኝ ነበር። በአጎራባቻችን በግራና የሚኖሩ አንድ ገበሬ «ስሜን ተወው፤ የቡሬ ባለቤት በል፤ በሬዬን የማያውቅ የለም» አሉ። አንዲት ሴት «ዕድሜዬን እንዳታነሳ» አለች።

አንዴ ብርቱካን ሻጭ የነበሩ እናት ሞቱና አላስችል ብሎኝ ግጥም ጨመርኩበት፤

ብርቱካን ለመንገድ ስታድል የኖረች፣
ዛሬ ከጥላው ስር ሸክሟን አወረደች።

ገበያው ዝም አለ። እያበጥኩ ተመለስኩ። አያ ሙሄ «ያማረ ነው» አሉኝ። «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

አልተናገርኩም ነበር። ሮጬ ተመልሼ ተናገርኩ።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን አንዱን ነው ሳስብ የምኖረው። የሟች የቅርብ ሰው ሞቱን ከጡሩምባ መስማት የለበትም ይሉ ነበር። ከመንፋታቸው በፊት እናቱ ወይም ወንድሙ ያለበት ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ። ቆመው አይናገሩም። ገብተው፣ ከሰውዬው ጎን ተቀምጠው፣ «እስቲ ውሃ ስጠኝ» ይላሉ። ለምን ውሃ እንደሚጠይቁ ጠየቅኳቸው።

«ውሃ ሊያመጣ ሲነሳ ያውቀዋል። በራሱ እጅ፣ በራሱ ቤት፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ያውቀዋል። ተመልሶ ሲቀመጥ እኔ የምነግረው የቀረውን ነው።»

በዚህ የተነሳ መርሳ ውስጥ አያ ሙሄ ውሃ ለምነው በመንገድ እንኳ አይጠጡም ነበር። ሲጠማቸው ቤታቸው ይመለሳሉ።

በዚያ ክረምት ጦርነቱ መንገዱን ይዞ ወረደና ከተማዋ በተዋጊዎቹ እጅ ገባች። ስልክ ጠፋ፤ መብራት ጠፋ። ከአንድ አለቃ በኩል «ጠሪው በጡሩምባው ሕዝቡን ለስብሰባ ይጥራ» የሚል ትእዛዝ መጣ። አያ ሙሄ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ።

«አልጠራም» አሉ።

«ለምን?»

«ይህ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ዶማ ይዞ ይወጣል። ለስብሰባ ብነፋው ነገ ሰው ሲሞት የሚወጣ አይኖርም። የእናንተም ልጆች እዚህ እየሞቱ ነው፤ የሚቀብራቸው ይኸው ቅሬ ነው።»

 አለቃው ያስተረጉሙ የነበሩትን እትዬ ለተን አንድ ነገር ጠየቀ። እትዬ ለተ መለሱለት። ሰውዬው እጁን አወናጭፎ ሸኘን። መንገድ ላይ እትዬ ለተን ምን እንዳሉት ጠየቅኳቸው።

«ሽማግሌው ግትር ነው፣ ብትገርፈውም ትንፋሽ የለውም አልኩት» አሉና ሳቁ።

«ልክ ነሽ፣ ለተ» አሉ አያ ሙሄ።

ከከተማ መውጣት ተከልክሎ ነበር። ወጣቶች በየቤቱ ጣሪያና ጎተራ ተደብቀዋል፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች መድኃኒት አልቆባቸዋል። ለቀብር ግን መውጣት ይፈቀዳል። መቃብሩ ደግሞ ከኬላው ወዲያ፣ በግራና መንገድ ላይ ነው።

የውሸት ቀብር የማውጣቱ ሐሳብ የመጣው ከእትዬ ለተ ነው። አያ ሙሄ መጀመሪያ ተቆጡ። «በሐሰት ጀናዛ አልሰግድም» አሉ። «ማን ስገድ አለህ? ተሸክመህ ሂድ ነው ያልኩህ» አሏቸው እትዬ ለተ። አያ ሙሄ ሼሁንም ቄሱንም ለብቻ ለብቻ አማከሩ። ሁለቱም ለአያ ሙሄ «እኛ አልሰማንም» ብለው መለሱ፤ ሁለቱም ግን ሰሌንና ነጭ ጨርቅ ላኩ።

ቃሬዛው ላይ የምናስተኛው የሙዝ ግንድ ነበር። መርሳ ላይ የማይጠፋ ነገር እሱ ነው። ክብደቱ የሰው ነው፤ ሲሸከሙትም እንደ ሰው ይወዛወዛል። አያ ሙሄ «ሥሩን አጥርታችሁ ቁረጡ፣ እንዳይበቅል» እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ምሥጢሩን የምናውቅ ሁሉ በእሳቸው ቤት ቁርአንም መስቀልም ወጥቶ ማልን፤ ለማንም፣ መቼም፣ ላንናገር።

ጡሩምባው በነፋስ ላይ ይነፋል፤ የሚሰማው መሐላ ያለበት ሰፈር ብቻ ነው። ቃሬዛውን የሚሸከሙትና ዶማ የሚይዙት መውጣት ያለባቸው ልጆች ናቸው። እትዬ ለተ ከፊት ሆነው እያለቀሱ ይሄዳሉ፤ ኬላው ላይ ከጠባቂዎቹ ጋር በቋንቋቸው ያወራሉ። ጌታቸው ያየው ይህንን ነው። አንድ ጠባቂ፣ ከእኔ የማይበልጥ ልጅ፣ ሁልጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ይደፋ ነበር። ለሙዝ ግንድ አንገቱን ሲደፋ አጠገቡ አለፍኩ። ልስቅ ይሁን ላለቅስ እንደፈለግኩ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መቃብር ደርሰን ግንዱን እንቀብራለን፤ ልጆቹ በማሽላው ውስጥ አድርገው ወደ ግራና ይሄዳሉ፤ እኛ ከዚያ ወገን የተላከልንን መድኃኒት ሰሌኑ ውስጥ ጠቅልለን እንመለሳለን። ዶማ ይዘው የወጡት ለምን እንዳልተመለሱ ቢጠየቅ እትዬ ለተ «ሐዘን ቤት ያድራሉ» ይሉ ነበር።

ብዙዎች ወጡ። ብዙ መድኃኒት ገባ። ከዚያ አንድ ቀን ነፋሱ ዞረ።

የዚያን ቀን እኔ ከቃሬዛው ስር ነበርኩ፤ የነፉት አያ ሙሄ ናቸው። እብቁን በትነዋል፤ ነፋሱ ከታች እየመጣ ነበር። ግን ከንፈራቸው ጡሩምባው ላይ እንዳለ ነፋሱ ቀጥ አለና በጀርባቸው መጣ። ድምፁ ወንዙን ተሻገረ። ተሸክሜ ስሄድ ያን ያህል ሲያስተጋባ ሰምቼው አላውቅም።

ከወንዙ ማዶ፣ አጎቱ ቤት ተደብቆ የነበረው ፈቃዱ ሰማ። ፈቃዱ የቅሬው መቃብር ቆፋሪ ነበር። ድንጋያማ መሬት ላይ እንኳ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ያወጣል። አጎቱ «አትውጣ» አለው። «ሰው ሞቶ?» አለና ዶማውን አንስቶ ወረደ። ስለ መሐላው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ወንዙን ሲሻገር የሚዞሩ ተዋጊዎች አገኙት። ጠንካራ ጎረምሳ፣ ብቻውን፣ ዶማ ይዞ። ሊቀብር እንደሆነ ነገራቸው፤ አላመኑትም። መኪና ላይ ጭነው ይዘውት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አያ ሙሄ አልነፉም። ጡሩምባውን ሰጡኝ፤ እኔም የነፋሁት ለእውነተኛ ሞት ብቻ ነው።

በታኅሣሥ ተዋጊዎቹ ወጡ፤ ስልክ ተመለሰ፣ መንገድ ተከፈተ። ሰው በየቤቱ የጎደለውን ማየት ጀመረ፤ ለጎደለው ሁሉም ምክንያት ይፈልጋል። ጌታቸው ፈቃዱ የተደበቀበትን የአጎታቸውን ቤት የሚያውቅ፣ ከጠባቂ ጋር የሚያወራ ሰው ፈለገ። እትዬ ለተን አገኘ። የበርበሬ መደባቸው ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ቦኖ ላይ ጀሪካናቸው ከሰልፍ ወጣ። አንድ ጧት ሄጄ ቀዳሁላቸውና «ልናገር ነው» አልኳቸው።

«ማንን ብለህ?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ ሙሄ ናቸው። የሙሄን ስም እንዳታነሳ። እኔ የሰው አፍ ለምጃለሁ፤ እሳቸው አልለመዱም። ደግሞ ምለሃል።»

አያ ሙሄም ዝም አሉ ማለት አይደለም። ጌታቸው ቤት ሄደው በሩ ላይ ቆመው ሲመለሱ ከአንዴም ሁለቴ አይቻቸዋለሁ። «እኔን ቢጠላ ግድ የለኝም» አሉኝ። «ግን ልጁ የወጣው ለምን እንደሆነ ስነግረው ምን ይይዛል? አሁን ቂም አለው፤ ቂሙን ይዞ ቆሟል።»

በዚህ መሐል ክረምቱ የተወው እርጥበት ሥራውን ሠራ። አንዱ ግንድ ሥሩ አልጠራም ነበርና መቃብሩ ላይ ሙዝ በቀለ። ለምለም፣ ሰፋፊ ቅጠል ያለው፣ በድንጋይና በእሬት መሐል። ከተማው ስለ እሱ ብዙ አወራ። ሟቹ ጻድቅ ነው ያለ ነበር፤ ወፍ የጣለችው ፍሬ ነው ያለም ነበር። የማን መቃብር እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስንት ቅጠል እንዳወጣ አያለሁ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ።

«የሚናገር አለ?» አሉ አቶ ደምሴ። ማንም አልተናገረም። ብዙዎቹ እትዬ ለተን እንደሚያምኑ አውቃለሁ፤ ግን ለእሳቸው የተናገረ ሰው ነገ ምን እንደሚባል ሁሉም ያሰላል። ፈሪ አልላቸውም። ክፉ ጊዜ ገና ጫማውን ያላወለቀበት ቤት ነበር።

«ዝምታው ስምምነት ነው» አለ ጌታቸው። ወደ እኔ ዞረ። «ኢብሬ፣ ተነስ። አፍህን አርጥብ።»

አልተነሳሁም። «እኔ አልነፋም» አልኩ። ድምፄ የታመመ ጥጃ ድምፅ ነበር።

«ምን?»

«ይህ ለሞት ነው። እትዬ ለተ አልሞቱም።»

«ባለቅኔ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ግጥም ይጨመርበት?»

ጥቂቶች ሳቁ። ጌታቸው ወደ እኔ አንድ እርምጃ እንደመጣ አያ ሙሄ ተነሱ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቤቱን አቋርጠው ሄዱና ጌታቸው ተነስቶበት በነበረው አግዳሚ ላይ፣ ከቦታው ጎን ተቀመጡ።

«ና ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉት። «ግን መጀመሪያ፣ እስቲ ውሃ ስጠኝ።»

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። ጥግ ላይ እንስራ ነበረ፤ ጌታቸው ወደ እሱ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ኩባያው ሞልቶ መፍሰስ ሲጀምር እንኳ አላቆመም። ተመልሶ ሲቀመጥ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

«ሞተ?»

«አላውቅም። አላህ ያውቃል። የማውቀውን ነው የምነግርህ።»

መሐላቸውን አፈረሱ። ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው ለእሱ ብቻ ነገሩት፤ እኛ የሰማነው ዝም ስላልን ነው። ስለ ቀብሮቹ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መድኃኒቱ፣ እትዬ ለተ ኬላው ላይ ምን ይሉ እንደነበር። አንድ ሰው ካፖርቱ ውስጥ ፊቱን ቀበረ፤ የእናቱ ኢንሱሊን በዚያ ሰሌን መጥቶ ነበር።

«ለተ የወንድምህን ስም ለማንም አልጠራችም» አሉ። «የጠራሁት እኔ ነኝ። ነፋሱ ዞሮብኝ ወንዙን አሻገርኩት። ልጁ የወጣው ጡሩምባዬን ሰምቶ ነው።»

«ማን ሞቶ ነበር?» አለ ጌታቸው። «የዚያን ቀን።»

«ማንም።»

«ቃሬዛው ላይ ማን ነበር?»

አያ ሙሄ ውሃውን አልጠጡትም፤ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «መቃብሩ ላይ የበቀለውን ሙዝ አይተሃል?»



«ወንድሜ» አለ ጌታቸው ቀስ ብሎ፣ «ለሙዝ ግንድ ወጣ በሉኛ።»

«ለሰው መስሎት ነው የወጣው። የወጣው ለሰው ነው።»

ከዚያ እኔን በዓይናቸው ጠቀሱኝ። በጆንያ የተጠቀለለውን አመጣሁ። ፈቱት። ዶማ ነበር፤ እጀታው ከወይራ የተጠረበ፣ መያዣው ላይ የለሰለሰ። «ወንዙ ዳር ያገኘሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ በርህ ድረስ እያመጣሁ መልሼዋለሁ።»

ጌታቸው ተቀበለውና እጀታውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። አባታቸው ነበሩ የጠረቡት፤ ይህን ኋላ ነው የሰማሁት።  

ጌታቸው ተነሳ። የቅሬው አካፋና ዶማ ወደሚሰቀሉበት ግድግዳ ሄዶ ፈቃዱ ይሰቅልበት ከነበረው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ መጣ። የሚመታኝ መስሎኝ አገጬን አነሳሁ። እጁን ዘርግቶ ጡሩምባውን ከጭኔ ላይ ወሰደ። አልያዝኩበትም።

«ጌታቸው» አሉ አቶ ደምሴ፣ «የሴትዮዋ ነገርስ?»

አልዞረም። ጡሩምባውን ብብቱ ስር አስገብቶ በሩን ከፈተ፤ የከሰዓት ብርሃን ወለሉ ላይ ገባ።

«ውሃዋን ትቅዳ» አለ። «ይህ ግን ፈቃዱ ሳይመለስ ማንንም አይጠራም።»

ወጣ፤ በሩም ከኋላው ተዘጋ።